ላቀች ለልጅ ልጇ ያወረሰችው

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ጆሮ ለሰጠኝ ተረት እሰጣለሁ።

በድሮ ዘመን የውብዳር የምትባል ሴት ነበረች። ወንድሟ አዛናውና ባሏ መኩሪያ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣሉ። አዛናው መኩሪያን በዱላ መትቶ ገደለው። የውብዳር ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። ባሏን ታልቅስ ወይስ ወንድሟን ትርገም? አንጀቷ ለሁለት ተከፈለ።

ሽማግሌ ገባና ዘመዱን አስታረቀ። «ይህን ነገር ለሚወለደው ልጅ የነገረ፣ እግዜር ይፍረድበት!» ብለው ገዘቱ። ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። የሟች እናት ላቀች ግን ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አሜን አላለችም።

ወንድ ልጅ ተወለደ። እናቱ ታረቀኝ አለችው። አዛናው በየዓመቱ እየመጣ የእህቱን ማሳ ያርስላት፣ ልጁንም እርፍ ያስጨብጠው ነበር።

ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ «እማዬ፣ አባቴን ምን ገደለው?» አላት።

«ወንዝ ወሰደው።»

ታረቀኝ ወርዶ፣ ክንዱ እስኪዝል ወንዙን በድንጋይ ደበደበው።

አሥራ አራት ሲሞላው፣ «እማዬ፣ ወንዝ የወሰደው መቃብር የለውም። አባቴ ግን መቃብር አለው። ምን ገደለው?» አላት።

«ነብር ነው፣ ልጄ።»

ታረቀኝ ጫካ ገባ። በሦስተኛው ቀን ትከሻው ተቦጫጭሮ፣ የነብር ቆዳ ተሸክሞ ተመለሰ።

አሥራ ስምንት ሲሞላው፣ «ነብሩን ገደልሁ፤ ልቤ ግን አላረፈም። እውነቱን ንገሪኝ» አላት።

«በሽታ ነው የገደለው።»

በሽታ በምን ይወጋል? ልጁ ጦሩን ጥሎ አለቀሰ። የውብዳር፣ «ተመስገን፣ አለፈልኝ» አለች።

አላለፈላትም። ላቀች የልጅ ልጇን ጠርታ፣ «እናትህ ሦስት ጊዜ ዋሸችህ፣ ልጄ። አባትህን የገደለው ወንድሟ ነው» አለችው።

ታረቀኝ ጦሩን አንስቶ ወጣ። አዛናው የእህቱን ማሳ እያረሰ ነበር። የልጁን ዓይን ሲያይ ገባው።

«ማን ነገረህ?»

«አያቴ።»

«እንግዲያ ቆየኝ፤ በሬዎቹን ልፍታ። እነሱ ምን አጠፉ?»

ፈታቸው። ቀና ሳይል ጦሩ ጎኑ ገባ።

ላቀች እልል አለች። ታረቀኝ ግን የአዛናው ልጆች ሳይደርሱበት ወደ ቆላ ሸሸ። በዚያው ቀረ፤ አውሬ ይብላው ንዳድ ይግደለው፣ ያወቀ የለም። የውብዳር ለወንድሟ ልታለቅስ ብትሄድ፣ «የገዳይ እናት!» ብለው ከለቅሶው አባረሯት።

ማሳው ጦም አደረ። ላቀች አርጅታ አልጋ ያዘች። ልትሞት ስታጣጥር፣ «የውብዳር፣ አፈር የሚያለብሰኝ ዘሬ የት አለ?» አለች።

«እኔን ይጠይቁኛል፣ እመይቴ? ቂምዎን ተሸክሞ እንደወጣ ነው።»

ላቀች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሬሳዋን ባዕድ ተሸከመው። የውብዳርም እንባዋ ደርቆ ባዶ ቤት ብቻዋን ቀረች።

እኔም እላችኋለሁ፣ ልጆቼ፤ ቂም ያወረሰ፣ ወራሽ አጣ።