የሚያገሳው ወፍጮ

አንድ ጊዜ፣ ከተራራ ሥር በሚፈልቅ ምንጭ ዙሪያ በበቀለ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ላይ አንበሳ ነግሦ ነበር። በዚያ አገር እህል የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ ሲሆን፣ ድንጋዩን ከጧት እስከ ማታ የምታዞረው እመት አህያ ነበረች። ምንጩ ወንዝ ሆኖ ቁልቁል በሚወርድበት፣ በሸንተረሩ ማዶ ደግሞ ዝንጀሮዎች ይኖሩ ነበር። እነሱ ውሃ የሚያዞረው ወፍጮ ሠሩና የላመ ዱቄት ለገበያ ያወጡ ጀመር። ያን ጊዜ የአንበሳን አገር ዱቄት ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ።

አንበሳ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላና ሸንጎ ጠራ።

«እንዴት ተደርጎ ነው ዝንጀሮ እኛን የሚበልጠን?» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥቴ ፖሊሲ ተወዳዳሪነት ነው! የተሻለ ወፍጮ አለኝ የሚል ያምጣ!»

ኤሊ ከምንጩ አጠገብ የሠራችውን የውሃ ወፍጮ አሳየች። ቀበሮም ከሩቅ አገር አስመጣሁት ያለውን፣ ሆዱ ውስጥ እሳት የሚነድበት የብረት ወፍጮ አቀረበ። ታዲያ በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር፤ የማንኛውም ነገር ብርታት የሚለካው በግሳቱ ነው። አንበሳም ዙፋኑን ያገኘው ተቀናቃኞቹን በግሳት በልጦ ነበር። ስለዚህ ዱቄቱን የቀመሰም ሆነ ወፍጮው ምን እንደሚፈጅ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ጆሮውን ቀስሮ ብቻ ጠበቀ።

የኤሊ ወፍጮ በቀስታ ዞረ።

«አይሰማም!» አለ አንበሳ።

የቀበሮ ወፍጮ ሲነሣ ግን ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ወፎች ከየጎጇቸው ተነሥተው በረሩ።

«እህ! ወፍጮ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አንበሳ ብድግ አለ። ሸንጎው በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ አብልጣ በኮቴዋ መሬቱን እየመታች ያጨበጨበችው አህያ ነበረች። ድንጋይ ከማዞር ልትገላገል ነዋ!

ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ወዲያው የንጉሡ አማካሪ ሆኖ የተሾመው ቀበሮ አዋጁን ያሰማ ጀመር። ወፍጮው እንጨት ይበላል፤ እንጨቱን አህያና በቅሎ ያመላልሳሉ፤ ጫካው እንዳይራቆት ደግሞ ጅብ ጠባቂ ይሆናል።

«ደሞዜስ?» አለ ጅብ ለሃጩን እየጠረገ።

«በመንግሥታችን የሚባክን ነገር አይኖርም» አለ ቀበሮ ፈገግ ብሎ። «ስለዚህ በሥራ ላይ ሳለ ወድቆ መነሣት ያቃተው ሁሉ ያንተ ነው።»

አህያ ክው አለች። በቅሎን አየቻት፤ በቅሎም አየቻት። እነሱ የሰሙትን ሌላው የሰማ አይመስልም፤ ሸንጎው አሁንም ያጨበጭባል። ኧረ ጉድ ነው! ከዚያ ሁሉ እንስሳ አንድ እንኳ «ምን ማለት ነው?» የሚል እንዴት ይጠፋል?

ሥራው ተጀመረ። ወፍጮው ጧት ያገሳል፣ ማታ ያገሳል፤ የቱንም ያህል እንጨት ቢያጎርሱት አይጠግብም። ቅርብ ቅርብ ያሉት ዛፎች አለቁና አህያና በቅሎ ከዕለት ወደ ዕለት ራቅ እያሉ ይሄዱ ጀመር። ጅብ ደግሞ ከኋላቸው አይለይም።

«እንደምን ዋልሽ እመት አህያ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወገብሽንስ አላመመሽም?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች እርምጃዋን እያፈጠነች።

አንድ ቀን ግን አላስችል አላት። «አያ ጅቦ፣ አንተ የጫካ ጠባቂ አይደለህም እንዴ? ይሄ ሁሉ ዛፍ ሲቆረጥ ምነው ዝም አልክ?»

ጅብ ከልቡ ተገረመ። «ምን ብዬ ልከልክል? ዛፉ ከራቀ መንገድሽ ይረዝማል። መንገድሽ ከረዘመ ትደክሚያለሽ። ከደከምሽ ደግሞ...» ብሎ ምራቁን ዋጠ። «ቆይ፣ ይሄን ላንቺ መንገር ነበረብኝ እንዴ?»

አህያ ነገሩን እያሰላሰለች መንገዷን ቀጠለች። ጫካውን ጠብቅ የተባለው ሆዱ የሚሞላው ጫካው ሲያልቅ ነው! እንዲህ ያለውን አዋጅ ያወጣው ጭንቅላት ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው? በማግሥቱ በቅሎ ዳገቱ ላይ ወደቀች። አህያ ጭነቷን አራግፋ ልትረዳት ስትመለስ መንገዱ ላይ ያገኘችው የበቅሎን መጫኛ ብቻ ነበር። ማልቀስ እንኳ አልቻለችም።

በመጨረሻ ከምንጩ ዙሪያ ከቆሙት ዋርካዎች በቀር ዛፍ የሚባል ጠፋ። አንበሳ ግን ወፍጮዬን መጥታችሁ እዩልኝ ብሎ የጎረቤት ነገሥታትን ጋብዞ ነበር።

«ንጉሥ ሆይ፣ የምንጩን ጥላ ከነካነው እኮ ውሃው...» አለች ኤሊ።

«እንግዳ ጠርቼ ዝም ያለ ወፍጮ ላሳይ?» ብሎ ጮኸባት።

ዋርካዎቹ ወደቁ፤ ተፈለጡ። ፍልጡን ሁሉ አህያ በጀርባዋ አጋዘች። እምቢ ብትል መጨረሻዋን ታውቀዋለች።

በበዓሉ ዕለት ወፍጮው እንግዶቹ ጆሯቸውን እስኪይዙ ድረስ አገሳ። አንበሳ ደረቱን ነፍቶ ንግግር ሲያደርግ ጉሮሮው ደረቀና ውሃ አዘዘ። አህያ እንስራ ተጭኖባት ወደ ምንጩ ወረደች። ውሃው ሰሞኑን እየቀነሰ መምጣቱን አይታለች፤ እንዲህ ድርቅ ይላል ብላ ግን አላሰበችም። ዐይኗን ማመን አቃታት። ከጭቃ በቀር ምንም አልነበረም።

ስትመለስ፣ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ አቧራ ለብሶ ከአንበሳ ፊት ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ወንዛችንን ምን አደረጋችሁት?» ይላል። «ወፍጯችን ቆመ። ልጆቻችንም የሚጠጡት የላቸውም።»

«ቆመ? የእናንተ ወፍጮ ቆመ?» አንበሳ ከዙፋኑ ዘሎ ተነሣ። «ሰማችሁ? በለጥናቸው! አጨብጭቡ!»

ማንም አላጨበጨበም። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አህያ ባዶውን እንስራ እንደተሸከመች ፈዛ ቆመች። ውሃ የሌለው ንጉሥ ውሃ የሌለው ጎረቤቱን አሸነፍኩ ብሎ ሲፈነድቅ ማየት ምን የሚሉት ነገር ነው?

«ንጉሥ ሆይ» አለች፣ «ምንጩ ደርቋል። የሚጠጣ ውሃ የለም።»

የአንበሳ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። መላ እንዲነግረው ቀበሮን በዐይኑ ፈለገው። ቀበሮ ግን ከእንግዶቹ አንዱን ንጉሥ ወደ ጥግ ወስዶ፣ ስለ ብረቱ ወፍጮ ጥቅም በሹክሹክታ እያስረዳው ነበር።

«እንግዲያው» አለ አንበሳ ግራ ሲገባው፣ «ከተራሮቹ ማዶ ካለው ሐይቅ አህያ ትቅዳ!»

ጅብ በደስታ እንባው መጣ። «እንዴት ያለ ረጅም መንገድ ነው!»

አህያ እንስራውን አውርዳ አስቀመጠች። ፊቷን አዙራ መንገድ ጀመረች።

«እመት አህያ! ኧረ ሳትወድቂ ወዴት ነው?» አለ ጅብ።

ዞር ብላም አላየችው። ጥቂት እንደሄደች ሽማግሌው ዝንጀሮ ደረሰባት። «ነይ ልጄ፣ እኛም ውሃ ፍለጋ መነሣታችን ነው። አብረን እንሂድ።»

አህያ ከሁሉ ይልቅ የደነገጠችው ያን ጊዜ ነው። «አባባ፣ ወንዛችሁን ያደረቅኩት እኮ እኔ ነኝ። ዋርካዎቹን ያጋዘው ይሄ ጀርባዬ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ከሸንተረሩ ላይ ሆኜ አይቼሻለሁ» አለ ሽማግሌው። «ውሃ እናግኝና እንጣላለን። አሁን ለመጣላትም ጉሮሮዬ ደርቋል።»

ጎን ለጎን ሆነው መንገዱን ተያያዙት። ኤሊና የቀሩት የጫካው እንስሳት አንድ በአንድ ተነሥተው ተከተሏቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ ከጎረቤት እንበልጣለን ብለን የምንተክለው ነገር ምን ያህል እንደሚያገሳ ከመስማታችን በፊት ምን እንደሚበላና ማንን እንደሚያስበላ መጠየቅ እንዳለብን ነው።