የትርሲት የፊት ቸርኬ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ የቸኮለም ይቀመጥ። የምነግራችሁ ነገር ከአንዲት ቸርኬ ተነሥቶ፣ ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ ሐይቅ ድረስ ይወርዳል።

ሐዋሳ ውስጥ ትርሲት የምትባል ሴት አለች። ሥራዋ ዳቦ ቤት ሊጥ ማቡካት ነው። ጎህ ሳይቀድ ትገባለች፤ ረፋድ ላይ ዱቄቷን አራግፋ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን የራሷ ነው። እሷም ለዋና፣ ለብስክሌትና ለሩጫ ሰጥታዋለች። ሦስቱን በአንድ ቀን አከታትለው የሚጨርሱበት ውድድር እሑድ ሐይቁ ዳር ሊደረግ ነው፤ የፈለገ ሁሉ መግባት ይችላል። ትርሲትም ተመዝግባለች።

ይህ ውድድር ግን ዕቃ ይወዳል። ትርሲት ደግሞ ያላት የሊጥ አቡኪ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ፣ ጎጆ እንደምትሠራ ወፍ፣ አንድ በአንድ ለቀመች። የዋና ልብሷን ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ቆፍራ አወጣች። የዋና መነጽሯ ማሰሪያው ተበጥሶ ነበር፤ የጉርድ ቀሚስ ላስቲክ አስገባችበት። የሩጫ ጫማዋ ላይ የማታውቀው ሰው ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ ግን ልኳ ነው። ሄልሜቷን ጎረቤቷ ከቆጥ አውርዶ ሰጣት። ኮርሳ ብስክሌቷን ደግሞ ውድድር ካቆመ ብስክሌተኛ በርካሽ ገዛች። የረከሰበትም ምክንያት ነበረው፤ የፊት ቸርኬውን ባጃጅ ወጥቶበት እንደ ቂጣ ጠፍጥፎታል።

እንግዲህ የቀራት አንዲት የፊት ቸርኬ ናት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ብስክሌት ጠጋኙ ጋሽ ሃጢሶ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ሃጢሶ የሚሠሩት መንገድ ዳር፣ በአራት እንጨት ላይ በተወጠረ ሸራ ሥር ነው።

"ጋሽ ሃጢሶ፣ ያቺ የተንጠለጠለችው ቸርኬ ለኔ ብስክሌት ልክ አይደለችም?"

"ልክ ናት። አንስተሽ ብትሄጂ ደስ ባለኝ፤ ከተንጠለጠለች ስንት ዘመኗ! ግን ጠማማ ናት፣ ልጄ። ሽቦዋን አንድ በአንድ እያጠበቁ ለማቃናት ግማሽ ቀን ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። ሸራዬን ደግሞ እዪው፤ ለሁለት ተቀዷል። በዚህ ፀሐይ ግማሽ ቀን ብቀመጥ ቸርኬዋ ትቃናና እኔ እጣመማለሁ። ልብስ ሰፊዋ ዘርፌ ሸራዬን ትስፋልኝ፤ እኔም ቸርኬሽን አቃናለሁ።"

ሸራ ካልተሰፋ ጋሽ ሃጢሶ ቸርኬ አያቃኑም፤ ቸርኬ ካልቀና ትርሲት አትወዳደርም።

"ይኼማ ቀላል ነው" አለች ትርሲት። ሸራውን ጠቅልላ ተሸከመችና በሩጫ እትዬ ዘርፌ ቤት ደረሰች። እትዬ ዘርፌ በረንዳቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

"እትዬ ዘርፌ፣ ይህን ሸራ ይስፉልኝ።"

"በምኔ ልስፋው? በጥርሴ?" እትዬ ዘርፌ የስፌት መኪናቸውን በአገጫቸው አሳዩአት። "መርገጫው እንኩት ብሏል። ሁለት ቀኔ ነው፤ የሙሽራ ቀሚስ ሳይቀር ቆሞብኛል።"

"ሌላ ሰፊ ዘንድ ብወስደውስ?"

"ውሰጂው! ሸራ የሚበሳ መርፌ ካገኘሽ እኔም ስሜን እቀይራለሁ። ይልቅ በያጁን ጦናን ፈልጊው። መርገጫዬን ይበይድልኝ፤ እኔም ሸራሽን እሰፋለሁ።"

መርገጫ ካልተበየደ እትዬ ዘርፌ ሸራ አይሰፉም፤ ሸራ ካልተሰፋ ጋሽ ሃጢሶ ቸርኬ አያቃኑም፤ ቸርኬ ካልቀና ትርሲት አትወዳደርም።

በያጁን ጦናን ሱቁ ደጃፍ ላይ ሸንኮራ እየላጠ አገኘችው። አብሯት የተማረ ሰው ነው።

"ጦና፣ ሥራ አልያዝክም አይደል? ተነሥ፣ የእትዬ ዘርፌን መርገጫ በይድ።"

"መበየጃዬ የታለና? አጎቴ ቤት በር ልሠራ ወስጄው እዚያው ቀርቷል።"

"በባጃጅ አምጣዋ።"

ጦና ሳቀ። "አላየሽውማ! የድሮ ነው፣ የወፍጮ ድንጋይ ነው የሚያህለው። ባጃጅ ቢጭነው ባጃጁ ራሱ ብየዳ ይፈልጋል። የሚችለው የላንቃሞ ፈረስ ብቻ ነው። ጋሪው ይሂድልኝና ያምጣልኝ፤ እኔም መርገጫውን በአንድ ትንፋሽ እበይዳለሁ።" ሸንኮራ ቆርጦ ሰጣት። "እንኪ፤ ፊትሽ ጠቁሯል።"

ትርሲት ሸንኮራዋን እየመጠጠች ሮጠች። ጋሪ ካልሄደ ጦና መርገጫ አይበይድም፤ መርገጫ ካልተበየደ እትዬ ዘርፌ ሸራ አይሰፉም፤ ሸራ ካልተሰፋ ጋሽ ሃጢሶ ቸርኬ አያቃኑም፤ ቸርኬ ካልቀና ትርሲት አትወዳደርም።

ባለጋሪው ላንቃሞ ፈረሱን ግራር ሥር አቁሞ አንገቱን ያሻል። ፈረሱ ዳማ ይባላል። ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ከንፈሩን አንጠልጥሎ፣ ያኮረፈ ሽማግሌ መስሏል።

"ላንቃሞ፣ የጦናን መበየጃ አምጣልኝ።"

"እኔ እሺ። እሱን ጠይቂው።"

ትርሲት ልጓሙን ይዛ ሳብ አደረገችው። ዳማ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ገፋችው። ጅራቱን እንኳ አላወዛወዘም።

"ሦስት ቀን ሙሉ ጭድ ብቻ ነው የቀመሰው" አለ ላንቃሞ። "ባዶ ሆዱን እኔም አልጭነው፣ እሱም አይጫንልኝም። እርጥብ ሳር ሲያገኝ ግን ቤት ጭኚበት። ሹንኩሬ ሳር ትስጠኝ፤ ዳማም ጋሪውን ይስባል።"

ሳር ከሌለ ዳማ ጋሪ አይስብም፤ ጋሪ ካልሄደ ጦና መርገጫ አይበይድም፤ መርገጫ ካልተበየደ እትዬ ዘርፌ ሸራ አይሰፉም፤ ሸራ ካልተሰፋ ጋሽ ሃጢሶ ቸርኬ አያቃኑም፤ ቸርኬ ካልቀና ትርሲት አትወዳደርም።

ሳር ሻጯ ሹንኩሬ ገበያው ጫፍ ላይ ናት። ባዶ ማዳበሪያ አንጥፋ ጎኗን አሳርፋለች። ትርሲት ከመቀመጧ በፊት ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላት፤ ሳሩን፣ ፈረሱን፣ ጋሪውን፣ መበየጃውን፣ መርገጫውን፣ ሸራውን፣ ቸርኬውን። ሹንኩሬ ቀና ብላ ሰማቻት።

"ውይ፣ ይቺ ልጅ! ለአንድ ቸርኬ ይህን ሁሉ ሰው?"

"አዲሱ የስንት ወር ደመወዜ መሰለሽ?"

"እሱስ ልክ ነሽ። ግን ሳሬ ከማዶ ነው የሚመጣው፤ አባባ ዳንጊሶ ናቸው በየአራት ቀኑ በጀልባ የሚያመጡልኝ። ዛሬ ቀሩብኝ። ጀልባቸው ትሻገርልኝ፤ የመጀመሪያውን ሸክም ለፈረሱ እሰጣለሁ።"

ወደ ሐይቁ ቁልቁል ስትሮጥ ትርሲት በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቃል ትጥል ነበር። ጀልባ ካልተሻገረች ሹንኩሬ ሳር አትሰጥም፤ ሳር ከሌለ ዳማ ጋሪ አይስብም፤ ጋሪ ካልሄደ ጦና መርገጫ አይበይድም፤ መርገጫ ካልተበየደ እትዬ ዘርፌ ሸራ አይሰፉም፤ ሸራ ካልተሰፋ ጋሽ ሃጢሶ ቸርኬ አያቃኑም፤ ቸርኬ ካልቀና ትርሲት አትወዳደርም።

አባባ ዳንጊሶ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። የሚያዩትንም ትርሲት አየችው። ሩቅ፣ ውሃው ከሚጠቁርበት ላይ፣ ባዶ ጀልባ ተገትራለች።

"ጠዋት ገመዷን በጥሳ ሄደች" አሉ ሽማግሌው። "ከድሮ የመረብ እንጨት ጋር ተጠልፋ ነው እንጂ እስካሁን ማዶ ነበረች። ጓደኞቼ ሁሉ ከንጋት ጀምረው ዓሣ ላይ ናቸው። እኔ ዱሮ ቢሆን ዋኝቼ አመጣት ነበር፤ አሁን ግን ይኼ ጉልበቴ ከዳኝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ እንጨቱም አያቆማት።"

እንግዲህ ሰንሰለቱ እዚህ ላይ አለቀ። ከሐይቁ ወዲያ የሚለመን ሰው የለም። ሐይቁ ጀልባዋን አልሰጥም ብሏል፤ ሐይቅን ደግሞ ማን ይለምነዋል?

ሁልጊዜ ከዳቦ ቤት በቀጥታ ወደ ዋና ስለምትሄድ፣ የዋና ልብሷ ከቦርሳዋ ውስጥ ነው። ትርሲት ቦርሳዋን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። አንድ ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ዋኝታለች፤ ግን ሁልጊዜ ዳር ዳሩን፣ እግሯ መሬት በሚነካበት። እሑድ የሚዋኘው ግን መሬት በማይነካበት ነው። ከሊጡ በላይ፣ ከቸርኬውም በላይ እንቅልፍ የነሣት ይህ ነበር።

"አባባ" አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። "እኔ መዋኘት እችላለሁ። ጥልቅ ላይ ግን ዋኝቼ አላውቅም።"

ሽማግሌው አላባበሏትም። ጉልበታቸውን እያሹ፣ "ጥልቅም ይሁን አይሁን፣ የሚዋኘው ላዩ ላይ ነው" አሉ።

"ጉማሬስ?"

"ጉማሬው ጥቁር ውሃ ወንዝ በሚገባበት በኩል ነው፤ እዚህ ሥራ የለውም። ከፈራሽ ግን አትግቢ፤ ጀልባ ሌላ ይሠራል።"

ትርሲት ከቁጥቋጦው ኋላ ልብሷን ቀየረች፤ ላስቲክ የገባበትን መነጽሯን አጠለቀች። ገባች። ውሃው እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ እስከ ደረቷ ደረሰ። ከዚያ መሬቱ ከሥሯ ሄደ።

መጀመሪያ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ መታ። ከታች አረንጓዴው ጠቆረ፤ አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቷን ዳሰሳት፤ የውሃ ሣር ነበር፣ እሷ ግን ጮኸች፣ ውሃም ጠጣች። ወደ ኋላ ዞራ አየች። አባባ ዳንጊሶ ቆመዋል፤ አይጣሩም፣ አይመክሩም፣ ብቻ ቆመዋል። ያን ጊዜ ከረፋድ ጀምሮ ስንት ጊዜ ያለችው ነገር በራሱ ጊዜ ከክንዷ ጋር መሄድ ጀመረ። ቀኝ፣ ጀልባ። ግራ፣ ሳር። ቀኝ፣ ዳማ። ግራ፣ ጋሪ። ቀኝ፣ መርገጫ። ግራ፣ ሸራ። ቀኝ፣ ቸርኬ። እንደገናም ጀልባ፣ ሳር፣ ዳማ፣ ጋሪ። ሊጥ ያፈረጠመው ክንድ ነው፤ አልደከመም። ስንተኛው ዙር ላይ ፍርሃቱ እንደጠፋ አላስተዋለችም። ያስተዋለችው ግንባሯ ከእንጨት ጋር ሲጋጭ ነው። ጀልባዋ ነበረች!

መውጣቱ ከመዋኘቱ ይከብድ ነበር። ሁለቴ ተንሸራታ ወደቀች፤ በሦስተኛው እንደ ዓሣ ሆዷን አስቀድማ ገባች። ገመዱን ከእንጨቱ ፈታች፤ መቅዘፊያውንም አነሣች። መቅዘፍ ግን አታውቅም፤ ጀልባዋ እንደ እንዝርት ዞረች።

"ግራውን!" ይጮኻሉ አባባ ዳንጊሶ ከዳር። "ግራውን ቅዘፊ! ኧረ የኔ ልጅ፣ ያ ቀኝሽ ነው!"

ትርሲት እየሳቀች፣ እየዞረች፣ በስንት መከራ ዳር ደረሰች። ሽማግሌው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገብተው የጀልባዋን አፍንጫ ያዙ። ምስጋናም አላበዙም፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉት።

ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተተረተረ።

ሐይቁ ጀልባ ሰጠ፤ ጀልባዋ ማዶ ተሻገረች። ጀልባዋ ስትሻገር ሹንኩሬ ሳር ሰጠች፤ ቃሏ ቃል ነው፣ የመጀመሪያውን ሸክም ለፈረሱ። ሳሩ ሲመጣ ዳማ በላ፣ ኩርፊያውን ተወ፣ ዓርብ ጠዋትም ጋሪውን ሳበ። ጋሪው ሲሄድ መበየጃው መጣ፤ አራት ሰው አውርዶታል። መበየጃው ሲመጣ ጦና መርገጫውን በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን በሦስት ትንፋሽ በየደ። መርገጫው ሲበየድ እትዬ ዘርፌ ሸራውን ሰፉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሙሽራዋ ቀሚስ አስቀድመው፣ በነጭ ክር፣ ሌላ ስለሌላቸው። ሸራው ሲሰፋ ጋሽ ሃጢሶ ጥላቸው ሥር ቁጭ አሉ፤ ሽቦውን አንድ በአንድ አጠበቁ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጠበቁ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ።

ከዚያ ቸርኬዋን ብስክሌቱ ላይ ገጥመው፣ ፊቱን ከመሬት አነሡና በአንድ ጣታቸው ገፉአት። ዞረች። አልተወላገደችም፣ ፍሬኑንም አልነካችም። ትርሲትም አጠገባቸው ጎንበስ ብላ ታያታለች። ራሷ ሰልችቷት እስክትቆም ድረስ ማንም እጁን አልሰደደባትም።

"በይ ሂጂ" አሉ ጋሽ ሃጢሶ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "ዛሬ ቀስ ብለሽ ንጂ፤ አዲስ የተጠበቀ ሽቦ እስኪለምድ ትንሽ ያቃስታል።"

እሑድ አርባ አንድ ሰው ውሃ ገባ፤ ትርሲት ሃያ ስድስተኛ ሆና ጨረሰች። ስንተኛ ወጣሽ ለሚላት ሁሉ "ጨረስኩ" ትላለች፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወደ ዳቦ ቤቱ የሄደችው በዚያችው ኮርሳ ነው።

እኔ እዚህ መታጠፊያ ላይ ልውረድ፤ እሷ ገና ትነዳለች።