ደረጃውን የጠበቀው ኮሌጅ

አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ሕግ ትማር ነበር። «ኮሌጃችን ደረጃውን አልጠበቀም» ብላ እውቅና ሰጪው መሥሪያ ቤት አቤት አለች። ተቆጣጣሪዎቹ በመጡ ዕለት ዲኑ ዶክተር አስፋወሰን ለብቻዋ ጠሯትና፣ «ስሚ አንቺ ምላሰኛ! በፊታቸው ‹ደረጃውን የጠበቀ ነው› ካላልሽ ምርቃትሽን እርሺው» አሏት።

ለመመረቅ ወር ቀርቷታል፤ መዋሸት ደግሞ ህሊናዋ እንቢ አላት። ተቆጣጣሪዎቹ ፊት ቀርባ እጅ ነሳችና፣ «እርግጥ ነው ጌቶቼ፣ ኮሌጃችን ደረጃውን የጠበቀ ነው» አለች።

ዲኑ ፈገግ አሉ።

እሷ ግን ቀጠለች፦ «ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ነው ስለሚሉን ልንወጣ እንሄዳለን። ደረጃው ሥር ዱላ የያዘ ዘበኛ አቁመዋል፤ እንኳን ተማሪ ድመትም አያሳልፍ! ደረጃ እንዲህ ሲጠበቅ እኔስ አይቼ አላውቅም።»