ከኋላው ጠብመንጃ፣ ከፊቱ ዳገት

ይህችን ጨዋታ የሰማ ጊዜዬ ባከነ አይልም። አንድ ቦርጫም ልብስ ሰፊ፣ አስጎብኚ ቀጥረው በየደረሱበት ድንኳን እየተከሉ የሰሜን ተራሮችን ከሚያቋርጡ ሰዎች ጋር ወጣ። ከመንገደኞቹ አንዱ ጡረተኛ ኮሎኔል ነበሩና፣ «ዛሬ ከእኛ መጨረሻ የደረሰ ከድንኳን ውጭ ያድራል» ብለው አዘዙ። እዚያ አገር ደግሞ መንገደኛውን የሚጠብቀው ባለጠብመንጃ ዘብ ከሁሉም ኋላ ነው የሚሄደው። ልብስ ሰፊው ከዘቡ ፊት ፊት እያለከለከ፣ ሲመሽ ደረሰ።

ኮሎኔሉ የድንኳኑን በር ዘግተው ቆሙ። «ነግሬህ አልነበር? ዛሬ ብርድ ይቅጣህና ነገ ትሮጣለህ።»

«ጌታው» አለ ሆዱን ደግፎ፣ «ቀኑን ሙሉ ጠብመንጃ ከኋላዬ ተከትሎ ያላስሮጠኝን እኔን፣ ብርድ ያስሮጠኛል ብለው ነው?»

ኮሎኔሉ ሳቃቸው አመለጣቸውና ከበሩ ገለል አሉለት። እናንተም ሂዱና ተራራውን ሞክሩት፤ ጉልበት ያነሰው ሰው ግን ስል ምላስ ሳይዝ እንዳይወጣ።