ያልተጠየቀው ጾም

አንድ ሐኪም ነበረ። ማን ነው ብለህ እንዳትነዘንዘኝ። አንተ ትናንት የተመረቅህ ዶክተር፣ እኔን አሮጊቷን ነርስ «የበሽተኛ ጾምና ጸሎት ምን አገባኝ?» ስላልከኝ ነው የምነግርህ።

ሐኪሙ ሥራውን ያውቃል፤ አመሉ ግን ጥድፊያ ነው። ደም ግፊት ያለባቸው አንዲት ሙስሊም እናት በየሳምንቱ ይመጡለታል፣ ይለካቸዋል። ረመዳን በገባ በሳምንቱ ግፊታቸው ሽቅብ ወጣ። «እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ይውጣሉ?» አላቸው። «እውጣለሁ ልጄ» አሉት። ዋሹት። ጾሜን ሊያስፈታኝ ነው ብለው ፈሩ። ቀደም ሲል ስለ ዱዓ ሊያወሩት ሲጀምሩ «እሱን ለቤትዎ ያድርጉት» ብሏቸው ነበር።

አንዱን ክኒን ሁለት አደረገው። በሚቀጥለው ሳምንት ግፊቱ ባሰ፤ ሦስት አደረገው። ጭንቅ ያዘው። ዛሬ ነገ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ይፈስና እጄ ላይ ይሞታሉ እያለ እህል አልወርድ አለው። ለማንም አልተናገረም፤ ሐኪም አይፈራም የሚባል ሞኝነት አለና።

የኢድ ዕለት ጾሙ ተፈታ። ሴትዮዋ እንደታዘዙት ሦስቱን ክኒን ባንዴ ዋጡ። ረፋዱ ላይ ትልቁ ልጃቸው ተሸክሞ አመጣቸው። ግፊታቸው ወርዶ ወርዶ ትንፋሻቸው ብቻ ቀርቷል። «እናቴ ጠዋት ክኒን ስትውጥ በወሩ ገና ዛሬ ነው» አለ ልጁ። ሐኪሙ እግራቸውን ከፍ አደረገ፣ ግሉኮስ ሰቀለ፣ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ «አምላኬ፣ እኒህን ሴት አትውሰድብኝ» እያለ አለቀሰ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ዐይናቸውን ገለጡ። «አንተም ትለምናለህ እንዴ?» አሉት። «ይህን ባውቅ መች እደብቅህ ነበር ልጄ።»

አየህ ዶክተር፣ በዚህ አመልህ ያ ሐኪም አንተ ነህ። ሼህ ሁን፣ ቄስ ሁን አላልኩህም። «ይጾማሉ ወይ?» ለማለት ድቁና አያስፈልግም፤ ክኒኑን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ማዞር ነበር፣ በቃ። የራስህንም ፍርሃት አፍነህ አትያዝ፤ ፍርሃቱን የደበቀ ሐኪም ሰው አይሰማም፣ መጠን ብቻ ይጨምራል። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። በር ላይ ከተሰለፉት ውስጥ ስንቶቹን ጠይቀሃል?