ሁለት መቶ አርባኛዋ ቴምብር

አንድ ሺበሺ የሚባል ቴምብር ሰብሳቢ ነበር። ሌላው ሰው ቤት ይሠራል፣ ከብት ያረባል፤ እሱ ዕድሜውን የፈጀው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የእንግሊዝ ቴምብሮችን በመልቀም ነው። ያኔ አንድ ሉህ ሁለት መቶ አርባ ቴምብር ይይዝ ነበር። ሁሉም የንግሥቲቱ መልክ ያለባቸው ቀያዮች ናቸው፤ በማዕዘናቸው ያሉት ፊደላት ግን የአንዱ ከሌላው ይለያሉ። ሺበሺ ሉሁን አንድ በአንድ ለቅሞ መልሶ ሊገጥመው ተነሣ። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኙን አገኘ፤ አንዷ ቀረች።

ደጀኔ የሚባል ባልንጀራ ነበረው፤ እሑድ እሑድ አልበሙን መሐላቸው ዘርግተው ይውላሉ። አንድ እሑድ ደጀኔ እየተጣደፈ መጣና ገና በሩ ላይ ሳለ፣ «አገኘኋት! እንካ፣ ያንተ ናት» አለው።

ሺበሺ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ቴምብሯን ተቀብሎ በአጉሊ መነጽር መረመራት። ፖስታ ቤት የመታባት ጥቁር ማኅተም የንግሥቲቱን ፊት ሸፍኖታል።

«ይቺማ ጥላሸት የተቀባች ናት። ከነዚህ መሐል አላስገባትም።»

«ማኅተሙ እኮ ደብዳቤ ይዛ መጓዟን የሚመሰክርላት ነው» አለ ደጀኔ።

«ንጹሕ እስካገኝ እጠብቃለሁ።»

ደጀኔ ቴምብሯን ኪሱ ከትቶ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ሺበሺም «ምን አደረግኩትና ነው!» ብሎ ኮራ።

ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ንጹሕ ፍለጋ ደብዳቤ ያልላከበት አገር የለም፤ አላገኘም። በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ አልበሙን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ደጀኔ ቤት ሄደ። ደጀኔ በድምፁ ለየው፤ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ቂም ግን አልያዘም። ሣጥኑን ዳብሶ ቴምብሯን አወጣና «ላንተው አስቀምጬልህ ነበር» አለው።

ሺበሺ በቦታዋ አኖራት።

«ሞላ?»

«ሞላ።»

«እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ያምራል?»

ሺበሺ ሊነግረው ቀና ብሎ የደጀኔን ፊት አየ፤ ዓይኖቹ ወደ አልበሙ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞረዋል። ያን ሉህ አይቶ የእሱን ያህል የሚደሰት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን አያይም። ጸጸቱም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነበት።

ወዳጆቼ፣ ዕቃ ይቆያል፤ አብሮን የሚደሰትበት ሰው ግን እንከን የሌለውን እስክንመርጥ አይጠብቅም። ሰው ደስታውን ይዞ ሲመጣ፣ ካመጣው ነገር በፊት ፊቱን እንይለት። እናንተስ እንከን አውጥታችሁበት፣ ቅስሙን ሰብራችሁ የሸኛችሁት ሰው ማን ነው? ዛሬውኑ ሂዱ።