ክፍተቱን ለመሙላት የተጠራ ጉባኤ

«ልጆችሽ ከስተዋል ነው የምትለኝ? የከሱትማ ውኃ አጥተው ነው!» አለች እመት ጃርት፣ እሾኳ በንዴት ቆሞ።

«እሱኑ እኮ ነው የምልሽ፣ የኔ እህት» አለ አያ ቀበሮ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «የከሱ ልጆች ላላት አሳዳጊ ውኃ ብንሰጥ ምን ታደርግበታለች? ሥራሽ ውጤት የለውም ማለት ነው።»

«አምና ወፍረው ሳመጣቸውስ ምን አልከኝ?»

«አምናማ ወፍረው ነበራ። ለወፈረ ልጅ ውኃ ምን ያደርግለታል?»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቀው ከርከሮ ሳቀ፤ ቀበሮ ቀና ሲል ግን ሳቁን ሳል አስመሰለው።

በዚያ ጫካ በበጋ የማይደርቅ ምንጭ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የንጉሡ የአያ አንበሶ ነው። ንጉሡ ቸር ነው ይባላል። በየበጋው፣ እናት አባት የሌላቸውን ግልገሎች ለሚያሳድጉ ሁሉ ከምንጩ ያድላል፤ አዳዩም ቀበሮ ነው። ጠጉራቸው የጠቆረ ያንሳቸው የሚል ሕግ የለም። ንጉሡ ራሱ «እኔ ጠጉር አላይም» ሲል ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ብቻ በጋው አልቆ ሲታይ፣ ላባዋ የነጣው እመት ሽመላ ለሦስት ጫጩቶች ሃያ ቅል ውኃ ወስዳለች፤ ጥቁሯ ጃርት ለአሥራ ሰባት ልጆች ሁለት ቅል። በየዓመቱ እንዲህ ይሆናል፤ በየዓመቱም ቀበሮ ይገርመዋል።

ለነገሩ ከሁለት ቅል በላይ የሚፈልግ ዋስ መጥራት ይችላል። ዋስ የሚሆነው ግን ቀድሞ ሃያ ቅል ያገኘ ነው። ከጥቁሮቹ መካከል ደግሞ ሃያ ቅል ያገኘ የለም። ሽመላ ማታ ማታ ከንጉሡ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ቆማ ትጫወታለች፤ ያን ጊዜ ጃርት ለልጆቿ ሥር ትቆፍራለች።

ዘንድሮ ሁለቱ ቅል ካለቀ ሰንብቷል። ጃርት ከምታሳድጋቸው አንዷ፣ ትንሿ ሚዳቋ፣ ከትናንት ጀምሮ መቆም አቅቷታል። ዝናቡ ገና ሩቅ ነው።

«ክፍተት መኖሩ ገብቶኛል» አለ ቀበሮ በመጨረሻ። «ነገ ጉባኤ እንጠራለን። ማንም እንዳይቀር።»

«ጉባኤው ውኃ ይሰጣል?»

«ጉባኤው በክፍተቱ ላይ ይወያያል።»

በማግስቱ ጫካው ሁሉ ተሰበሰበ። ንጉሡ «ይህን ክፍተት ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ንግግሩን ከፈተና ወዲያው አሸለበ። ቀጥሎ ሽመላ ስለ ጥቁሮቹ ችግር ልትናገር ተነሣች።

«እነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ልባቸው መልካም ነው» አለች። «የጎደላቸው የአጠያየቅ ዘዴ ነው። እስቲ ተነሡ! አንገት ቀና፣ አንድ እግር አጠፍ!»

ጥቁሮቹ ተነሡ። ጃርት አንገት የሚባል ነገር ስላልነበራት አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ከርከሮ አንድ እግሩን አጥፎ ጥቂት ከተወዛወዘ በኋላ በጎኑ ወደቀ።

«ግሩም ነው! መሻሻል አለ!» አለች ሽመላ። ቀበሮም፣ ማስተማር ጉሮሮ ያደርቃልና ለሽመላ አሥር ቅል ውኃ እንዲቀዳላት አዘዘ።

ቁራ ክንፉን አነሣ። «አያ ቀበሮ፣ ለእኛ ክፍተት መሙያ የተያዘ አሥር ቅል አለ ሲባል ሰምተን ነበር። እሱስ?»

«እሱ ነው ይኼ» አለ ቀበሮ።

ጃርት ሚዳቋዋን አሰበች። ጠዋት ትታት ስትወጣ ትንሿ ዐይኗን አልገለጠችም ነበር።

«አሁን ደግሞ ለትዕግሥቷ ሽልማት!» አለ ቀበሮና ጃርትን ወደ ፊት ጠራት። በዛጎል ያጌጠ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ትልቅ ቅል አስታቀፏት። ጃርት ወደ ውስጡ አየች። ባዶ ነው።

ጭብጨባው ቀለጠ። ከፊት ረድፍ አብልጠው የሚያጨበጭቡት ሁለቱ ጅቦች ነበሩ። ጅቦቹ ቀን ከሌት ምንጩን የሚጠብቁ ናቸው፤ ማንም እንዳይቀር ስለተባለ እነሱም አልቀሩም። ጃርት አንዱን አየች፤ ከዚያ ሌላውን አየች።

«በይ እንጂ እመት ጃርት፣ ሁለት ቃል! ንጉሡን አመስግኚ» አለ ቀበሮ።

ጃርት ቅሉን እሾኳ መካከል ሰካ አድርጋ ዞረች፤ ተሰብሳቢው መንገድ ለቀቀላት።

ቀበሮ ወደ ጸሐፊው ጦጣ ጎንበስ አለ። «ከደስታ ብዛት ቃል አጣች ብለህ ጻፍ።»

ጦጣ መጻፍ ጀመረ። መሃል ላይ ቀና ሲል፣ ጃርት ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ወደ ኋላ ትታ በምንጩ በኩል ስትወርድ አየ። ብዕሩን እንዳነሣ ቀረ፤ ጅቦቹ ያጨበጭባሉ፣ ጃርት ትሄዳለች።